ስለ ተዋንያንና ስለ ሠዓልያን ክብር

አንባቢ ሆይ፤

የጥንቱ ሰው ማረሻና ማጭድ የሚሠራለትን «ቀጥቃጭ»፤ ፈትሉን ሸምኖ የሚያለብሰውን «ሸማኔ» እያለ በሙያው ይሰድበው እንደ ነበረ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ይህን ስድብ በዐዋጅ እንደ ከለከሉ ከታሪክ እናውቃለን። ዐዋጁ ስድቡን ከአደባባይ አራቀው እንጂ ከልብ ፈጥኖ አልነቀለውም። ከዚያ በኋላ በተተከሉትም ሙያዎች ላይ፤ ይኸውም በቴያትር ተጫዋችና በሠዓሊ ላይ፤ ያው የቀድሞው ንቀት መልኩን ለውጦ ወርዷል። ዛሬ የምንናገረው እነዚህ ሰዎች በዚያ ንቀት መካከል አልፈው ምን እንዳተረፉልን ነው።

አስቀድመን ስለ ሥዕል እናስብ። በጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች የተመለከተ ሰው፤ ከቅዱሳኑ እግር ሥር ተደፍቶ የሚታይ አንድ ባለጸጋ ወይም አንዲት ወይዘሮ አይቶ ይሆናል። ሥዕሉን በገንዘባቸው ያሣሉት እነርሱ ናቸው፤ ስማቸውም ብዙ ጊዜ ከአጠገባቸው ተጽፏል። ቀለሙን በጥብጦ፤ ከመሰላሉ ላይ ወራት ቆሞ የሣለው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስሙ የለም። ያሣለው ይታወቃል፤ የሣለው ተረሳ።

የቴያትርም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። በአማርኛ የመጀመሪያው ቴያትር የሚባለው፤ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከሩስያ ትምህርታቸው ከተመለሱ በኋላ የጻፉት «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» ነው። በእንስሳት ተረት እያስመሰለ የመንግሥቱን ሥራ ጉድለት ስለ ነቀፈ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ደራሲው በኋላ በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ሰው ናቸውና ስማቸው በታሪክ ጸንቶ ኖረ። በዚያ ጨዋታ ላይ አንበሳውንና ቀበሮውን ሆነው የታዩትን ተጫዋቾች ግን ዛሬ ስንት ሰው በስም ሊጠራቸው ይችላል?

በ1927 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ጠላት ሊወር ሲያሰፈስፍ የሕዝቡን ልብ በንግግር፣ በዘፈንና በጨዋታ ያነቃቃ ዘንድ መኰንን ሀብተ ወልድ ያቆሙት ማኅበር ነው። ከነጻነት በኋላ ቴያትር ቤት ሆኖ ጸና። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ጣልያኖች ጀምረውት የነበረው የሲኒማ ሕንጻ ተስፋፍቶና ተሻሽሎ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴያትር የምንለው ቤት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ተከፈተ። በመክፈቻው የታየው «ዳዊትና ኦርዮን» የተባለው ድርሰት ሲሆን፤ ደራሲው ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው በዚያ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ።

እዚህ ላይ ነገሩን ልብ ማለት ይገባል። ድርሰቱን የሚጽፉት ሚኒስትሮች ነበሩና መጻፍ ክብር ሆነ። ያንኑ ቃል በቃሉ አጥንቶ በመድረክ ላይ የሚናገረው ግን «አዝማሪ» ተባለ። አንድ ቃል ከብዕር ሲወጣ ክቡር፤ ከአንደበት ሲወጣ ውርደት የሚሆንበት ምክንያት ምንድር ነው? ምክንያት የለውም፤ ልማድ ብቻ ነው።

የዚህ ልማድ ሸክም ይልቁን በሴቶች ላይ የከበደ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሴት በመድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ስለ ተቈጠረ፤ የንግሥቲቱንም የሙሽራይቱንም ጠባይ ወንዶች የሴት ልብስ ለብሰው ይጫወቱት ነበር። ይህን አጥር ከጣሱት ከመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ናቸው። ተዋናይ ብቻ ሳይሆኑ ድምፃዊና ክራር ደርዳሪ ነበሩ፤ የክራራቸውም ድምፅ በሸክላ ተቀርጾ ከአገር ውጪ እስከ መሰማት ደርሷል። መስከረም 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ዐረፉ። ዛሬ አንዲት ወጣት በመድረክ ላይ ወጥታ እናቷ ከታች ተቀምጣ በኩራት ስታጨበጭብ፤ ያ ጭብጨባ በማን ስድብ እንደ ተገዛ ማስታወስ ይገባናል።

ከሠዓልያኑ ወገን፤ በዕድሜ የተቀራረቡ፤ በዕጣ ግን እጅግ የተራራቁ ሁለት ሰዎችን እንመልከት።

አፈወርቅ ተክሌ በጥቅምት 1925 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለዱ። ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜ ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። አገሪቱ መሐንዲስ ስትጠብቅ ልጁ ወደ ሥዕል አዘነበሉ፤ በለንደን ስሌድ በተባለው ስመ ጥር የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው ሠዓሊ ሆነው ተመለሱ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሚታየው፤ ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር የሆነው የመስተዋት ሥዕል የእርሳቸው ሥራ ነው። ሦስት ክፍል ያለው ሲሆን፤ ያለፈውን የአፍሪካን መከራ፤ ትግሏንና የወደፊት ተስፋዋን ያሳያል። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች የአንድነት ድርጅታቸውን የመሠረቱት በዚያው አዳራሽ ነበር። አፈወርቅ በሕይወት ሳሉ ተከበሩ፤ ራሳቸው በነደፉት «ቪላ አልፋ» በተባለው ቤታቸው እየሠሩ ኖረው ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. ዐረፉ።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1924 ዓ.ም. በሐረር ተወለዱ። አባታቸው አለቃ ደስታ የቤተ ክርስቲያን ሰውና የብራና መጻሕፍት ሠዓሊ ነበሩ። ልጁ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጀመሩትን ትምህርት ትተው፤ በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተማሩ፤ ተመልሰውም በሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሩ። ሥዕላቸው የነገሩን መልክ ሳይሆን ስሜቱን በቀለምና በቅርጽ የሚገልጽ ስለ ነበረ፤ «ይህ የኛ አይደለም» የሚል ነቀፌታ ደረሰባቸው። እርሳቸውም እንደ አፈወርቅ በ1950ዎቹ ዓመታት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጥበብ ሽልማት ተቀብለዋል። ከአብዮቱ በኋላ ግን ከአገር ወጥተው በስደት ኖሩ። «አገሬ» የተባለውን የናፍቆት ግጥም የጻፉት እኚህ ሰው፤ በመጋቢት 1973 ዓ.ም. በአሜሪካ በኦክላሆማ ዐረፉ። በ2000 ዓ.ም. ሥዕሎቻቸው ከጀርመን ተመልሰው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ስማቸውን የያዘ ሙዚየም ተከፈተ። ሥዕሉ አገሩ ገባ፤ ሠዓሊው አልገባም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድር ነው? ሥዕል ዘግይቶም ቢሆን ሊመለስ ይችላል፤ ሸራው እስካለ ድረስ ሠላሳ ዓመት ይጠብቃል። የተዋናይ ሥራ ግን መጋረጃው ሲዘጋ ያልቃል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲያነቡ የተቀረጸው ድምፅ ባይጠበቅ ኖሮ፤ ከእርሳቸው በኋላ የተወለደው ትውልድ ያን ድምፅ በወሬ ብቻ በሰማ ነበር።

አንባቢ ሆይ፤ አንተ በመሥሪያ ቤትህ ፋይል የምትጠብቅ፤ ደብዳቤ በቍጥር መዝግበህ የምታስቀምጥ ሰው ነህ። መዝግቦ ማኖር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከማንም ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ወደ ቴያትር ስትሄድ የተዋንያኑ ስም የታተመበትን ወረቀት በሩ ላይ አትጣል፤ ከልጆችህ ጋር አንብበው፤ በቤትህም አኑረው። በመሥሪያ ቤትህ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ቢኖር፤ የማን እንደ ሆነና መቼ እንደ ተሣለ ጠይቀህ ከንብረቱ መዝገብ አስገባ። ያደነቅኸውን ሰው በሕይወት ሳለ በርታ በለው። ከቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሁሉም ይሰማዋል፤ ባለቤቱ ብቻ አይሰማውም።