ሉፐስ ባለባቸው ሴቶች የሚታይ የልብና የሜታቦሊዝም ሕመም

ሉፐስ የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚያጠቃበት ሥር የሰደደ በሽታ ነው። ከ10 ሕሙማን 9ኙ ያህል ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም የሚያዙት በመውለጃ ዕድሜያቸው ነው። በሽታው የሚታወቀው በመገጣጠሚያ ሕመም፣ በፊት ላይ ሽፍታና በኩላሊት ጉዳት ቢሆንም፣ ከበሽታው ጋር ረጅም ዓመት የኖሩትን ከሚገድሉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የልብና የደም ቧንቧ ሕመም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 የቶሮንቶው ሐኪም ሙሬይ ዩሮዊትዝና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ ከተከታተሏቸው 81 ሕሙማን 11ዱ ሞተዋል። ቀድመው የሞቱት በአብዛኛው ሉፐሱ በርትቶባቸው ወይም ኢንፌክሽን ይዟቸው ሲሆን፣ ዘግይተው የሞቱት አምስቱ ግን ሁሉም የልብ ጡንቻቸው ደም አጥቶ ተጎድቶ ነበር። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም የሐኪሞችን ዓይን ወደ ልብ የመለሰው እሱ ነው። በ1997 ደግሞ ሱዛን ማንዚና ባልደረቦቿ በፒትስበርግ፣ ከ35 እስከ 44 ዓመት ያሉ ባለ ሉፐስ ሴቶች በድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ከእኩዮቻቸው ከ50 እጥፍ በላይ መሆኑን አሳዩ። አኃዙ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን በዚያ ዕድሜ ሕመሙ በጤነኛ ሴቶች ላይ እጅግ ብርቅ ስለሆነ፣ ከባለ ሉፐሶቹም አብዛኞቹ አይያዙም።

መንስኤው አንድ አይደለም። የማያቋርጠው ብግነት የደም ቧንቧን የውስጥ ግድግዳ ይጎዳል፣ ስብ እንዲጋገርበትም ያመቻቻል። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ፀረ እንግዳ አካላት ያሉባት ሴት ችግሩ ይብስባታል፤ የተጎዳ ኩላሊትም የደም ግፊትን ያንራል። በዚህ ላይ ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ አለ። ብግነቱን በፍጥነት የሚያበርደው ይኸው መድኃኒት፣ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ወገብን ያሰፋል፣ ስኳርን፣ ግፊትንና የደም ቅባትን ከፍ ያደርጋል። እነዚህ ተደራርበው ሲገኙ ሜታቦሊክ ሲንድረም ይባላሉ። ይሁንና ሉፐሱ ራሱ ካልተገታ ልብን ስለሚጎዳ፣ መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ማቆም አደገኛ ነው። የሐኪሙ ሥራ መጠኑን ቀስ በቀስ ወደ ዝቅተኛው ማውረድ ነው።

ዕድሜን፣ ማጨስን፣ ግፊትንና ኮሌስትሮልን ብቻ የሚደምሩ የተለመዱ የስጋት ማስሊያዎች ወጣቷን ሴት ደህና ናት ብለው ያልፏታል። በ2017 የወጣው የብሪታንያው ማስሊያ ኪውሪስክ 3 ግን ሉፐስንና ስቴሮይድን በስሌቱ አካቷል። የወጣቷ የደረት ሕመምም በቀላሉ የልብ ሽፋን ብግነት ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል፤ በሉፐስ ይህም የተለመደ ነውና።

ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን የተባለው መድኃኒት ሉፐሱን ከመቆጣጠሩ ሌላ በደም ስኳርና ቅባት ላይ በጎ ውጤት አለው። የኮሌስትሮል መድኃኒቱ አቶርቫስታቲን ግን ለሁለት ዓመት ተሞክሮ፣ በልብ ደም ቧንቧ ውስጥ የሚጠራቀመውን ካልሲየም አልገታም፤ ስለዚህ የሚታዘዘው እንደ እያንዳንዷ ሴት የስጋት መጠን ነው።