መኪና ሲጎተት፦ ገመድ ከማሰራችሁ በፊት ይህን እወቁ

ማንኩሳ ላይ፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ዳር ትንሽ ብትቆሙ፣ የሚጎተት ነገር አታጡም። በቆሎና በርበሬ የጫነ ባለተሳቢ፣ በገመድ የታሰረ ሚኒባስ፣ ማዳበሪያ የጫነ የፈረስ ጋሪ። የሁሉም ሕግ ግን አንድ ነው፦ መጎተት ቀላል ነው፣ ከባዱ ማቆም ነው።

ብዙ ሰው "ገመዱ ይችላል ወይ?" ብሎ ነው የሚጠይቀው። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ግን "ከኋላ ያለው በምን ይቆማል?" የሚለው ነው።

ጋሪው ያስተምራል

ሜዳ ላይ ፈረሱ ጋሪውን ይስባል። ቁልቁለት ላይ ግን ጋሪው ፈረሱን ይገፋዋል። መኪናም እንደዚያው ነው። ዳገትና ሜዳ ላይ ከኋላ የታሰረው ክብደት ሞተሩን ያደክማል እንጂ ብዙም አያስፈራም። ቁልቁለት ሲመጣ ግን ያ ክብደት ወደ ፊት መግፋት ይጀምራል። የፊተኛው መኪና ፍሬን የሁለቱንም ክብደት እንዲይዝ ከተገደደ፣ ለዚያ ተብሎ አልተሠራም።

አባይ በረሃ በቁጥር

ከጎጃም በደጀን በኩል አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ሁሉ አባይ በረሃን ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2008 እ.ኤ.አ የተከፈተው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የህዳሴ ድልድይ መሻገሩን አቅልሎታል። ቁልቁለቱ ግን ያው ነው፦ ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ወደ 1,400 ሜትር ገደማ።

እስቲ እናስላው። ከነጭነቱ 50 ቶን የሚመዝን ባለተሳቢ ያን ያህል ሲወርድ፣ መጥፋት ያለበት ጉልበት 2,000 ሊትር ገደማ ቀዝቃዛ ውኃ ሊያፈላ የሚችል ሙቀት ነው። ሹፌሩ በፍሬን ብቻ ከወረደ ይህ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው ፍሬን ሸራውና ታንቡሩ ላይ ነው። ሸራው ሲግል የመያዝ አቅሙ ይወርዳል። "ፍሬን እምቢ አለው" የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ ፍሬኑ የግድ ተበጥሶ አይደለም፣ ግሎ ነው።

ስለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሹፌሮች ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ አስገብተው፣ በሞተር ብሬክ እየያዙ የሚወርዱት። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ መውረድ ሞተሩ የሚሸከመውን ሥራ በሙሉ ፍሬኑ ላይ መጣል ነው። የተቆጠበችው ነዳጅ ሕይወት ታስከፍላለች።

ተሳቢው የራሱ ፍሬን አለው

ከፊት መኪናው ወደ ተሳቢው የሚሄዱ ሁለት የአየር ቱቦዎች አሉ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ቀይ፣ ሌላው ቢጫ ነው። ቀዩ አየር ይመግባል፣ ቢጫው ደግሞ ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ትእዛዙን ያደርሳል። ቀዩ ከተበጠሰ የተሳቢው ፍሬን በራሱ ይይዛል። ይህ ሐሳብ የመጣው ከባቡር ነው፦ አሜሪካዊው ጆርጅ ዌስቲንግሀውስ በ1869 እ.ኤ.አ የአየር ፍሬንን አስመዘገበ፤ ቆይቶም አየር ሲጠፋ ባቡሩ እንዲቆም አድርጎ አሻሻለው።

ረዳት ሆናችሁ የምትሠሩ ወጣቶች፣ ጎማ መምታት ብቻ አይበቃም። ከመነሳታችሁ በፊት ቱቦዎቹ በደንብ መግባታቸውን እዩ፣ የአየር መፍሰስ ድምፅም አዳምጡ።

ከባድ መኪና ቆሞ ሲጎተት

ሞተሩ ካልሠራ አየር አይሞላም። አየሩ ሲያልቅ የኋላ ጎማዎቹን ስፕሪንግ ይዞ ያቆማቸዋል። አንዳንዱ ታዲያ ስፕሪንጉን በቡሎን ፈትቶ ያስጎትታል። ልብ በሉ፦ ከዚያ በኋላ ያ መኪና ምንም ፍሬን የለውም። ትክክለኛው መንገድ ከሚጎትተው መኪና በቱቦ አየር መስጠት፣ በገመድ ፋንታም በብረት ዘንግ ማሰር ነው። ያ ካልተቻለ በሎቤድ መጫን ነው። አባይ በረሃን ፍሬን የሌለው መኪና በገመድ አስሮ መውረድ ፈጽሞ አይሞከርም።

ትንሽ መኪና በገመድ ስትጎትቱ

1. ገመዱን ባምፐር ላይ ወይም መሪ ዘንግ ላይ አትሰሩ። መኪናው የራሱ መጎተቻ ቀለበት አለው። ብዙ አውቶሞቢሎች ላይ ቀለበቱ ከክሪኩ ጋር ኮፈን ወይም ሻንጣ ማስቀመጫ ውስጥ ይገኛል፤ ባምፐሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፍታችሁ በደንብ ታጠብቁታላችሁ።

2. የሚጎተተው መኪና ቁልፍ ይከፈት። ካልተከፈተ መሪው ሊቆለፍ ይችላል።

3. ሞተሩ ሲጠፋ ሰርቮው አይሠራም፤ ፍሬኑ ከጥቂት መርገጥ በኋላ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። መሪውም ይከብዳል። ስለዚህ ከኋላ መሪ የሚይዘው ሰው መንዳት የሚችልና ጉልበት ያለው ይሁን፤ "ዝም ብለህ መሪ ያዝ" ተብሎ ልጅ አይቀመጥም።

4. ገመዱ ከ4 እስከ 5 ሜትር ይሁን። መሀሉ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩ፣ እግረኛም ሞተረኛም እንዲያየው።

5. በዝግታ፣ በሰዓት ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር። የኋለኛው ሹፌር ፍሬን በስሱ እየያዘ ገመዱን ወጥሮ ያቆየዋል። የእጅና የጥሩንባ ምልክት ቀድማችሁ ተስማሙ።

6. የተወጠረ ገመድ ላይ ማንም እንዳይረማመድ፣ አጠገቡም እንዳይቆም። የናይለን ገመድ ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ይመለሳል።

7. ከመፍታታችሁ በፊት ጎማው ላይ ታኮ አድርጉ። ስትሄዱም ድንጋዩን አስፋልት ላይ ጥላችሁ አትሂዱ፣ ማታ የሚመጣውን ይገድላል።

ኦቶማቲክ፣ ፎርዊል፣ ኤሌክትሪክ

አሜሪካ ውስጥ አልጋና ማድቤት ያለው ቤት የሚያህል መኪና እየነዱ፣ ከኋላው ትንሽ መኪና ጎትተው የሚጓዙ ሰዎች አሉ። እነሱ ትንሿን መኪና ሲገዙ መጀመሪያ የሚጠይቁት "አራቱም ጎማ መሬት ላይ ሆኖ ይጎተታል ወይ?" ብለው ነው። ጥያቄው ለእኛም ይሠራል።

ማንዋል ካምቢዮ በፎሌ ለአጭር ርቀት ይጎተታል። ብዙ ኦቶማቲክ ካምቢዮ ግን ዘይቱን የሚያዘዋውረው ሞተር ሲሠራ ብቻ ነው፤ ጎማው እየዞረ ሞተሩ ከጠፋ ካምቢዮው ያለ ዘይት ይፋጫል። የሚነዱት ጎማዎች ከመሬት መነሳት አለባቸው። ፎርዊል ከሆነ አራቱም ይነሱ፣ ማለትም በሎቤድ ይጫን።

በ2016 ዓ.ም መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። እሱን በገመድ መጎተት የባሰ ነው፤ ጎማው ሲዞር ሞተሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ዕቃው ሊቃጠል ይችላል። መጫን ብቻ!

የሎቤድ ዋጋ ውድ ነው፣ እውነት ነው። ግን ከካምቢዮ ዋጋ ይረክሳል፤ ከሰው ሕይወት ጋርማ አይወዳደርም። መንገድ ላይ ለሚውል ወንድማችሁ፣ ለሹፌርም ለረዳትም፣ ሼር አድርጉለት።