የመተማ ገበያና የመንገዱ ነገር

መንገድ የሌለው ገበያ በር እንደሌለው ጎተራ ነው፤ የመተማ ታሪክ ለዚህ ምስክር ይሆናል። መተማ ከጥንት ጀምሮ የጎንደርና የሱዳን ነጋዴዎች መገናኛ ነበረች፤ ቡናውና ሰሙ ከደጋ ይወርድላት፥ ጥጡ ከቆላ ይመጣላት ነበር። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስም ከጎንደር ወደ ስናር ሲሄድ በ1764 ዓ.ም. በዚሁ ቆላ አልፏል። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ግን ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ በዚያ ቆስለው በማግስቱ ስላረፉ፥ የንግዱ በር የጦር በር ሆነ።

በ1920 ዓ.ም. ገደማ የሱዳን ምድር ባቡር ገዳሪፍ ደረሰ። ከወሰን ወዲህ ግን ጭነቱ በአህያና በግመል ጀርባ ቀረ፤ ክረምት ሲገባም ዋልካው እግር እየያዘ መንገደኛውን ያስቀር ነበር።

በዘመናችን የመተማና የቋራ ሰሊጥና ጥጥ እጅግ በዛ፤ ከጎንደር እስከ ወሰኑም አስፋልት ተዘረጋ። ይሁን እንጂ ወደ እርሻው የሚገባው ጥርጊያ በዝናብ ይጨቀያል፤ ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደውንም የቀን ሠራተኛ ወባና ካላዛር ይጠብቁታል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ስደተኛው በዚያው በር ገባ።

እንግዲህ ምርት በአንድ ክረምት ይበዛል፤ መንገድና ሐኪም ቤት ግን የብዙ ዓመት ሥራ ናቸው። ስለዚህ ጎተራውን ከማስፋት አስቀድሞ በሩን ማስፋት የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው።