ኮድ አልባ ሶፍትዌር፦ ለኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለአነስተኛ ድርጅቶች የቀረበ መረጃ

ኮድ አልባ ሶፍትዌር የሚባለው ተጠቃሚው የፕሮግራም ቋንቋ ሳይጽፍ፣ በስክሪን ላይ በሚታዩ ቅጾችና ምርጫዎች ብቻ የራሱን መተግበሪያ እንዲያዘጋጅ የሚያስችል መሣሪያ ነው። ከመሣሪያው በስተጀርባ ባለሙያዎች የጻፉት ኮድ መኖሩ ግን ሊዘነጋ አይገባም።

የሶፍትዌር ባለሙያዎች መለያ

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ ገጠር ቀበሌዎች በቆሎ ወይም በርበሬ የሚሰበስብ፣ ማዳበሪያ የሚያከፋፍል አንድ መሠረታዊ ማኅበርን በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል።

• ማኅበሩ ስምና ዋጋ ብቻ የሚሞላበትን ዝግጁ መመዝገቢያ ቢገዛ፣ አሠራሩን የወሰነው አምራቹ በመሆኑ መመዝገቢያው ኮድ አልባ መሥሪያ አይባልም።
• የማኅበሩ ጸሐፊ «ዕዳ ያለበት አባል ጥያቄ ለሰብሳቢው ይቅረብ» የሚለውን ደንብ በምርጫ ብቻ ማስገባት ከቻለ፣ መሣሪያው ኮድ አልባ ነው።
• አብዛኛው ሥራ በምርጫ ተሠርቶ ቀሪው በኮድ የሚሟላ ከሆነ፣ ጥቂት ኮድ የሚጠይቅ ሶፍትዌር ይባላል።

የኤክሴል ቀመር አከራካሪ ነው። ቀመር መጻፍ ራሱ ኮድ መጻፍ ነው የሚሉ ባለሙያዎች አሉ።

በሀገራችን የሚታወቁ ምሳሌዎች

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሚገለገሉበት ኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ሲጀመር የተገነባው ኮምኬር በተባለ መሣሪያ ነው። በኮምኬር ቀላል ቅጾች ያለ ኮድ ይዘጋጃሉ፤ ውስብስብ ሁኔታዎች ግን የቀመር ጽሑፍ ይፈልጋሉ። ለመረጃ መሰብሰቢያ የሚያገለግለው ኦዲኬ ደግሞ ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ መረጃ መዝግቦ፣ ኔትወርክ ሲገኝ ይልካል። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠርንም በምርጫ ያቀርባል። ሆኖም ቀኑን የሚያስቀምጠው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በመሆኑ፣ ሪፖርት አንባቢው ልዩነቱን ማወቅ ይኖርበታል።

ከውል በፊት መረጋገጥ ያለባቸው ጉዳዮች

የአባላት የብድርና የክፍያ መዝገብ ቢጠፋ፣ ዕዳውን የከፈለ አርሶ አደር መክፈሉን የሚያስረዳበት ማስረጃ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ፦

1. መረጃው በሙሉ በኤክሴል ወይም በሌላ የተለመደ ፋይል መውጣት መቻሉ፤
2. አካውንቱ የተከፈተው በማኅበሩ እንጂ በሠራተኛ ወይም በሻጭ የግል ስልክና ኢሜይል አለመሆኑ፤
3. ክፍያው በተጠቃሚ ብዛት ወይም በውጭ ምንዛሪ የሚታሰብ ከሆነ የዓመቱ ወጪ ስንት እንደሚደርስ፤
4. አገልግሎቱ ቢቋረጥ ሥራው በምን እንደሚቀጥል፤
5. መረጃው የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው በጽሑፍ መገለጹ ሊረጋገጥ ይገባል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የአባላትን የግል መረጃ የሚይዝ አካል ላይ ግዴታ ይጥላል።

ቅጹን በሌላ መሣሪያ ላይ እንደገና ማዘጋጀት ይቻላል፤ የጠፋ መዝገብን መመለስ ግን አስቸጋሪ ነው። በመሆኑም አዲሱን ሥርዓት በመጀመሪያ በአንድ ቀበሌ፣ ለአንድ የምርት ዘመን፣ ከወረቀት መዝገቡ ጎን ለጎን መሞከር ይመከራል። የሁለቱ ድምር እኩል መሆኑ ሳይረጋገጥ የወረቀት መዝገቡ ሥራ ላይ መዋሉ መቆም የለበትም።