በፖርቶ በእግር የሚደረግ የምግብ ጉብኝት

የፖርቶ የምግብ ጉብኝት ጥቂት ሰዎች በአስጎብኚ እየተመሩ፣ በሰሜን ፖርቱጋል በምትገኘው ጥንታዊት ከተማ በፖርቶ ከገበያ ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ መጠጥ ቤት በእግር እየተዘዋወሩ ምግቧንና መጠጧን በትንሽ በትንሹ የሚቀምሱበት የጉብኝት ዓይነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይፈጃል። በየማረፊያው አንድ ምግብ ይቀመሳል፤ አንድ ታሪክም ይነገራል።

በጉብኝቱ ከሚቀርቡት ምግቦች አብዛኞቹ መነሻቸው ሌላ ቦታ ነው። ዓሣው ከሰሜን አትላንቲክ፣ በቆሎውና ቦሎቄው ከአሜሪካ፣ የታወቀው ሳንድዊች ሐሳቡ ከፈረንሳይ፣ ወይኑም ከዶውሮ ወንዝ የላይኛው ሸለቆ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ጥሩ አስጎብኚ የሚያስረዳው እነዚህ እንግዳ ነገሮች በአንዲት የነጋዴ ከተማ እጅ ገብተው እንዴት የሰፈር ምግብ እንደሆኑ ነው። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማዋ

ፖርቶ ከሊዝበን ቀጥላ የፖርቱጋል ሁለተኛ ከተማ ናት። የተመሠረተችው ዶውሮ ወንዝ አትላንቲክ ውቅያኖስን ሊቀላቀል ሲቃረብ በሰሜን ዳርቻው በሚያዋስነው የግራናይት ኮረብታ ላይ ነው። በሮማውያን ዘመን አካባቢው ፖርቱስ ካሌ ይባል ነበር፤ የአገሪቱ ስም ፖርቱጋልም የተገኘው ከዚሁ ነው። የከተማዋ ጥንታዊ ክፍል፣ ከቀዳማዊ ዶም ሉዊስ ድልድይና ከወንዙ ማዶ ካለው የሴራ ዶ ፒላር ገዳም ጋር፣ በ1996 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የመሬቱ አቀማመጥ ለጉብኝቱ መልክ ሰጥቶታል። ገበያው፣ የንግድ መንገዶቹና ቡና ቤቶቹ ያሉት ከላይ፣ ባይሻ በሚባለው የመሀል ከተማ ክፍል ነው። ወንዙ፣ ሪቤይራ የተባለው የጥንቱ ወደብ ሰፈርና የወይን ማቆያዎቹ ደግሞ ከታች ናቸው። ስለዚህ ብዙዎቹ ጉብኝቶች ጠዋት ከላይ ይጀምሩና ቁልቁል ይወርዳሉ፤ መንገዱ ጥሬ ዕቃ ከሚሸጥበት ተነሥቶ ወይን ወደሚቀዳበት ያደርሳል። በመካከሉ በ1916 የተመረቀው የሳኦ ቤንቶ ባቡር ጣቢያ አለ። የአዳራሹ ግድግዳ ሠዓሊው ዦርዤ ኮላሶ በሣላቸው 20,000 ገደማ ሰማያዊና ነጭ ሸክላዎች ተሸፍኗል። ከሥዕሎቹ አንዱ ፖርቱጋሎች በ1415 በሰሜን አፍሪካ ሴውታን መያዛቸውን ያሳያል። አስጎብኚዎች ከታች የሚመጣውን የከተማዋን ሰዎች ቅጽል ስም ታሪክ ሲያነሡ ይህን ሥዕል ይጠቅሱታል።

የቦልያው ገበያ

የብዙ ጉብኝቶች መነሻ የቦልያው ገበያ ነው። በቦታው ገበያ የተቋቋመው በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሲቃረብ ሲሆን፣ የዛሬው ባለ ሁለት ደርብ ሕንፃ ሥራ የተጀመረው በ1914 በአርክቴክት አንቶኒዮ ኮሬያ ዳ ሲልቫ ንድፍ ነው። ሕንፃው በእርጅና ከተጎዳ በኋላ በ2018 ለእድሳት ተዘጋ፤ ነጋዴዎቹም በአቅራቢያው ወደ ተዘጋጀ ጊዜያዊ ገበያ ተዛወሩ። በመስከረም 2022 እንደገና ሲከፈት ዓሣ፣ ሥጋ፣ አትክልትና አበባ የሚሸጡት መደቦች በታችኛው ወለል፣ ምግብ ቤቶች ደግሞ በላይኛው ደርብ ሆኑ።

እዚህ ጎብኚው በመጀመሪያ የሚያየው የሰሜን ፖርቱጋልን የዕለት ምግብ ነው። ብሮዋ የሚባለው ድፍን የበቆሎ ዳቦ ቅርፊቱ ወፍራም፣ ውስጡ እርጥብ ነው። በቆሎ ከአሜሪካ የመጣ እህል ቢሆንም ዝናባማው ሰሜን ተስማምቶት የገበሬው ዋና ቀለብ ሆኗል። ከብሮዋ ጋር የሚሄደው ሾርባ ካልዱ ቬርዴ ይባላል። እንደ ፀጉር ቀጥኖ የተከተፈ ጎመን በተፈጨ ድንች መረቅ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ይበስላል፤ ከላዩ አንድ ቁራጭ ቋሊማና የወይራ ዘይት ይጨመርበታል። በቆርቆሮ የታሸገ ሰርዲንም ከገበያው አይጠፋም። ከፖርቶ ጋር በተያያዘችው የማቶዚኞስ የዓሣ ወደብ የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካዎች በ20ኛው መቶ ዘመን ተስፋፍተው ነበር፤ ጥቂቶቹ ዛሬም ሰርዲኑን በእጅ ያሽጋሉ።

ጨጓራ በሎች

የፖርቶ ሰዎች ትሪፔይሮ ይባላሉ፤ ትርጉሙ ጨጓራ በል ማለት ነው። ስሙን በኩራት ነው የሚሸከሙት። አፈ ታሪኩ እንደሚለው፣ በፖርቶ የተወለደው ልዑል ሄንሪ በ1415 ወደ ሴውታ የሚዘምተውን የመርከብ ጓድ በከተማዋ ሲያሰናዳ ሕዝቡ ያለውን ሥጋ ሁሉ አርዶና በጨው አድርጎ ለዘማቾቹ ሰጠ፤ ለራሱ የቀረው ጨጓራና አንጀቱ ብቻ ስለነበር ከዚያ ምግብ መሥራት ግድ ሆነበት።

ምግቡ «ትሪፓስ አ ሞዳ ዶ ፖርቶ» ይባላል፤ «ጨጓራ በፖርቶ አሠራር» እንደማለት ነው። በደንብ የታጠበ የበሬ ጨጓራ ከነጭ ቦሎቄ፣ ከካሮት፣ ከቋሊማና ከሌላ ሥጋ ጋር ለረጅም ሰዓት ይቀቀላል፤ ከሙድም ይነሰነስበታል፤ ብዙ ጊዜ በሩዝ ይበላል። ዱለት የሚያውቅ ሰው ጨጓራው አይገርመውም፤ የሚለየው ቅቅሉና መረቁ ነው።

አፈ ታሪኩን ግን ሳህኑ ራሱ ይፈትነዋል። ቦሎቄ የአሜሪካ ተክል በመሆኑ ወደ አውሮፓ ሊደርስ የቻለው ከ1492 በኋላ፣ ማለትም ከሴውታ ዘመቻ ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1415 ጨጓራ ተበልቶ ቢሆን እንኳ የዛሬው ወጥ ያ ምግብ አይደለም። የከተማዋ ሰዎች ግን ታሪኩን እስከ ዛሬ ይተርኩታል፤ መሥዋዕትነቱ ስለ ራሳቸው ሊናገሩ የሚወዱት ነገር ነውና።

ባካልያው

ባካልያው በጨው የደረቀ ኮድ ዓሣ ነው። ኮድ በፖርቱጋል ባሕር አይገኝም፤ ዓሣ አጥማጆች ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ኒውፋውንድላንድ ድረስ እየሄዱ ያመጡት ነበር፤ ዛሬ ዋናዋ አቅራቢ ኖርዌይ ናት። እንዲህ ከሩቅ የሚመጣ ዓሣ የፖርቱጋል ብሔራዊ ምግብ የሆነበት አንዱ ምክንያት የካቶሊክ ጾም ነው። ሥጋ በማይበላባቸው ቀናት ሳይበላሽ ወራት የሚቆይ ዓሣ ከባሕር ለራቀውም ገበሬ ይደርሰው ነበር። ከመብሰሉ በፊት ከአንድ እስከ ሁለት ቀን በውኃ ይዘፈዘፋል፤ ጨው እንዲለቅም ውኃው ደጋግሞ ይለወጣል።

በጉብኝት ላይ በብዛት የሚቀመሰው በድንችና በእንቁላል ተለውሶ የሚጠበሰው ድቡልቡል ነው። በፖርቶ ቦሊኞ፣ በሊዝበን ደግሞ ፓስቴል ይባላል። የፖርቶ የራሷ የሆነው ባካልያው ግን በከተማዋ የኮድ ነጋዴ በነበረው በዦዜ ሉዊስ ጎሜስ ዴ ሳ ስም የሚጠራው ነው። የተፈለፈለ ዓሣ ከድንችና ከሽንኩርት ጋር በወይራ ዘይት በምድጃ ይጋገራል፤ በተቀቀለ እንቁላልና በጥቁር የወይራ ፍሬ ይቀርባል።

ዳቦና ቋሊማ

የፖርቶ ዝነኛ ምግብ ፍራንሴዚኛ ነው፤ ስሙ «ትንሿ ፈረንሳዊት» ማለት ነው። በሁለት የዳቦ ቁራጮች መካከል ስቴክ፣ ቋሊማና የአሳማ ሥጋ ይደረደራል፤ በቀለጠ አይብ ይሸፈናል፤ በመጨረሻም በቲማቲም፣ በቢራና በሚያቃጥል በርበሬ የተሠራ ትኩስ ስጎ ይፈስበታል። የሚበላው በቢላዋና በሹካ ነው። ፈጠራው በፈረንሳይ ሠርቶ ለተመለሰው ለዳንየል ዳቪድ ዳ ሲልቫ ይሰጣል። ይህ ሰው በ1950ዎቹ በቦንዣርዲም መንገድ በነበረው አ ሬጋሌይራ ምግብ ቤት ሲሠራ፣ ክሮክ ሙሴ የተባለውን የፈረንሳዮች ሳንድዊች ለፖርቶ አፍ አስማማው። የስጎው አሠራር የየቤቱ ምስጢር ነው፤ የከተማዋ ሰዎችም የማን ይበልጣል እያሉ ይከራከራሉ። ምግቡ ከባድ ስለሆነ በአንዳንድ ጉብኝቶች ተቆርጦ ይቀመሳል፤ በሌሎቹ አስጎብኚው ለራት የሚሆን ቤት ጠቁሞ ያልፋል።

ቀለል ያሉት ሁለት ናቸው። ቢፋና በቅመም ስጎ ውስጥ የበሰለ ስስ የአሳማ ሥጋ በዳቦ ነው። ካሾሪኞ ደግሞ ቀጭን ዳቦ ውስጥ ቋሊማና አይብ ገብቶ፣ ተጭኖ ከተጠበሰ በኋላ ላዩ በሚያቃጥል ስጎ ተቀብቶ ለጉርሻ በሚመች መጠን የሚቆረጥ ነው።

አልዬይራ የሚባለው ቋሊማ የራሱ ታሪክ አለው። በትውፊት እንደሚነገረው፣ የፖርቱጋል አይሁድ በ1497 በግድ ክርስትና እንዲነሡ ከተደረጉ በኋላ በድብቅ ሃይማኖታቸውን የጠበቁት ሰዎች ጎረቤት እንዳይጠረጥራቸው ከዶሮ ሥጋ፣ ከዳቦና ከነጭ ሽንኩርት ቋሊማ ሠርተው እንደ ሌላው ሰው ቤታቸው ይሰቅሉ ነበር። ስሙ ከነጭ ሽንኩርት የፖርቱጋልኛ መጠሪያ የወጣ ነው። የዛሬው አልዬይራ ግን ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ ስላለበት፣ በታሪኩ ተማምኖ የሚያዝ ሰው መጠየቅ ይኖርበታል።

ፖርት ወይን

ጉብኝቱ ብዙ ጊዜ የሚያበቃው በፖርት ወይን ነው። ወይኑ የፖርቶን ስም ቢይዝም በከተማዋ አይመረትም። ፍሬው የሚለቀመው በስተ ምሥራቅ ርቆ በሚገኘው የዶውሮ ሸለቆ በእርከን ላይ ከተተከሉ የወይን ቦታዎች ነው። ጭማቂው ገና እየፈላ፣ ስኳሩም ሳያልቅ፣ 77 በመቶ አልኮል ያለው የወይን አረቄ ይጨመርበታል። አረቄው እርሾውን ስለሚገድለው ፍላቱ ይቆማል፤ ወይኑ ጣፋጭ እንደሆነ ይቀራል፤ የአልኮል መጠኑም ከ19 እስከ 22 በመቶ ይደርሳል። ሩቢ የሚባለው ቀይ መልኩንና የፍሬውን ጣዕም ይዞ ይቆያል። ቶኒ የሚባለው በትናንሽ በርሜል ለዓመታት እየተቀመጠ ወደ ቡናማ ይለወጣል።

ወይኑን ያሳደገው የእንግሊዝ ገበያ ነው። በ1703 የተፈረመው የሜቱዌን ስምምነት የፖርቱጋል ወይን ወደ እንግሊዝ ሲገባ የሚከፍለው ቀረጥ ከፈረንሳዩ በአንድ ሦስተኛ እንዲያንስ አደረገ። ንግዱ ሲያብብ ማጭበርበርም በዛ። በ1756 የንጉሡ ዋና ሚኒስትር ማርኪዝ ፖምባል የዶውሮን የወይን ክልል በድንበር አስከልሎ የሚቆጣጠረው ኩባንያ አቋቋመ። ኩባንያው በከተማዋ ወይን የመሸጥ ብቸኛ መብት ስላገኘ በ1757 የፖርቶ ሕዝብ ዐመፀ፤ መንግሥት ዐመፁን በኃይል ደምስሶ በብዙዎች ላይ የሞት ቅጣት ፈጸመ።

በርሜሎቹ ራቤሎ በሚባሉ ጠፍጣፋ ጀልባዎች ወንዙን ወርደው ከፖርቶ ማዶ ባለችው በቪላ ኖቫ ዴ ጋያ ይከማቹ ነበር፤ ቀዝቃዛውና እርጥበታማው የባሕር አየር ለማቆየት ይስማማልና። ባቡርና መኪና ከመጡ፣ ወንዙም ከተገደበ በኋላ ራቤሎዎቹ ሥራ ፈቱ፤ ዛሬ ዳር ታስረው የሚታዩት ለማስታወቂያና በሰኔ 24 ለሚደረገው የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ውድድር ነው። ጎብኚው ወደ ጋያ የሚሻገርበት ባለ ሁለት ደርብ የብረት ድልድይ በ1886 የተከፈተ ሲሆን፣ ነዳፊው ቀደም ሲል የጉስታቭ ኤፌል ሸሪክ የነበረው ቴዎፊል ሴይሪግ ነው።

ለተሳታፊ የሚጠቅሙ ነጥቦች

የአሳማ ሥጋ በብዙ ምግቦች ውስጥ፣ በሾርባም ጭምር ይገባል። በሃይማኖት፣ በጾም ወይም በጤና ምክንያት የማይበሉት ነገር ያላቸው ሰዎች ቦታ ሲይዙ ቢያሳውቁ ምትክ ማዘጋጀት ይቻላል። በፖርቱጋል አልኮል ለመጠጣት የተፈቀደው ዕድሜ 18 ነው። መንገዱ ቁልቁለትና ድንጋይ ንጣፍ ስለሆነ ሲዘንብ ያዳልጣል። ሁለት የሰፈር ቃላትም ይጠቅማሉ፦ በፖርቶ የቆዩ ሰዎች ኤስፕሬሶን በጣሊያኑ የላ ቺምባሊ ማሽን ስም ሲምባሊኖ ይሉታል፤ ትንሽ ድራፍት ቢራ ደግሞ ፊኖ ይባላል፤ በሊዝበን ኢምፔሪያል የሚሉት ማለት ነው።

በከተማዋ ላይ ያለው ተጽዕኖ

የርካሽ አየር መንገዶች በረራ ከተስፋፋ ወዲህ ወደ ፖርቶ የሚመጣው ጎብኚ እጅግ በዝቷል። ከተማዋ ከ2018 ጀምሮ ከሚያድሩ እንግዶች የቱሪስት ግብር ትሰበስባለች። የምግብ ጉብኝት ለአነስተኛ ቤቶች የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ነው፤ በየቀኑ በታወቀ ሰዓት የሚመጣ ደንበኛ ያስገኝላቸዋል። በአንጻሩ የቤት ኪራይ መናር ነዋሪውን ከመሀል ከተማ እያራቀው ነው። ታስካ የሚባሉት ርካሽ የሰፈር ምግብ ቤቶች ለጎረቤት ያቀርቡት የነበረው የዕለት ምሳ በአንዳንድ ቦታ ለእንግዳ በሚቆረስ የቅምሻ ሳህን ተተክቷል።

ታሪካዊ ሱቆችንና ምግብ ቤቶችን ለመጠበቅ ፖርቱጋል በ2017 ሕግ አውጥታለች። የፖርቶ ማዘጋጃ ቤትም «ፖርቶ ዴ ትራዲሳኦ» በተባለው መርሐ ግብር ለነባር ቤቶች ዕውቅናና ድጋፍ ይሰጣል። በቦልያው ገበያም የሚነሣው ጥያቄ፣ ጎብኚው ቆሞ የሚበላባቸው መደቦች ሲበዙ፣ ለቤቷ ጎመንና ጨጓራ ልትገዛ የምትመጣው ሴት ቦታዋ የት እንደሚሆን ነው። እሷ ከሌለች አስጎብኚው የሚተርከው የጨጓራ በሎች ታሪክ ይቀራል፤ ጨጓራውን እቤቱ የሚቀቅል ሰው ግን ከሰፈሩ ይጠፋል።