ከቤተ ሙከራ ወደ ምክር ቤት፤ የፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ የሥራ ጉዞ

ከክብረ መንግሥት የወርቅ ምድር ተነሥቶ ወደ ነገሌ ቦረና ቆላ የሚወርድ ባለሙያ፣ መሐንዲስም ይሁን የሥነ ምድር አጥኚ፣ ከካርታውና ከመለኪያ መሣሪያው ጋር የወባ መድኃኒት መያዙን አይዘነጋም። ወርቅ ታጥቦበት የተተወ ጉድጓድ ወይም ለመንገድ ሥራ አፈር የተዛቀበት ቦታ ዝናብ ባቆረ ጊዜ፣ ፀሐይ የሚያገኘው ያ ጥልቀት የሌለው ውሃ አኖፌለስ አራቢየንሲስ ለተባለችው የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። ለታመመው ሠራተኛ የሚሰጠው መድኃኒት ያድናል ወይስ አያድንም የሚለው ጥያቄ የሳይንስ ጥያቄ ነው። ጉድጓዱን ማን ይድፈን፣ መድኃኒቱስ በማን በጀት ይገዛ የሚለው ደግሞ የሕግና የመንግሥት ጥያቄ ነው። በኢትዮጵያ የቅርብ ዘመን ታሪክ እነዚህን ሁለት ዓይነት ጥያቄዎች ባንድ ጊዜ ይዘው ከሠሩት ጥቂት ሰዎች መካከል ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ አንዱ ናቸው።

በሐዲያ የተወለዱት በየነ ከፍተኛ ትምህርታቸውን በሀገር ውስጥና በውጭ ሀገር ተከታትለው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ መምህርና ተመራማሪ ሆኑ። የጥናታቸውም ዋና መስክ በሰው ላይ በሽታ የሚያመጡ ጥገኛ ተሐዋስያን፣ በተለይም የወባ ተሐዋስያን ነበሩ። የመስኩን ክብደት ለመረዳት አንድ የታሪክ ማስረጃ ይበቃል። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ድረስ በዘለቀው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ታሞ፣ 150,000 የሚሆን ሰው እንዳለቀ ተገምቷል። ከዚያም ወዲህ ወባ የሀገሪቱን የልማት ሥራ ሁሉ ሲፈታተን የኖረ በሽታ ነው።

በሰኔ 1983 ዓ.ም. የተደረገው ጉባኤ የሽግግር ዘመኑን ቻርተር ባጸደቀ ጊዜ፣ 87 መቀመጫ ያለው የተወካዮች ምክር ቤት ተቋቋመ። በየነም የሐዲያን ሕዝብ በሚወክለው ድርጅታቸው ስም ከምክር ቤቱ ገቡ፤ በሽግግሩ መንግሥትም የትምህርት ምክትል ሚኒስትር ሆነው አገለገሉ። የደቡብ ድርጅቶችን ያሰባሰበውን የደቡብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ ኅብረትንም መሩ። ይሁን እንጂ ይህ የመጀመሪያው የምክር ቤት ዘመን አልረዘመም። በመጋቢት 1985 ዓ.ም. በፓሪስ ከተደረገው የተቃዋሚዎች ጉባኤ ውሳኔ ራሳቸውን ያላገለሉ የደቡብ ድርጅቶች በዚያው ዓመት ከምክር ቤቱ እንዲወጡ ተደረገ። በ1987 ዓ.ም. የተደረገውንም ምርጫ ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚ ድርጅቶች ሳይሳተፉበት ቀሩ።

ሁለተኛው ዘመን የተከፈተው በ1992 ዓ.ም. ነው። በግንቦት ወር በተደረገው ምርጫ በሐዲያ ዞን ሁከትና የአፈጻጸም ጉድለት በመታየቱ፣ በአንዳንድ ቦታዎች ምርጫው በሰኔ ወር እንዲደገም ተወሰነ። በየነም ተመርጠው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባልነት በቁ። ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የሳይንስ ፋኩልቲውም የምክር ቤቱም ሕንፃ አራት ኪሎ ነበሩ፤ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ በእግር የሚኬድ ነው። ሰውየው ወደ አንዱ ሲሄዱ ሌላውን እርግፍ አድርገው አልተዉም፤ የምርምር ሥራቸው በምክር ቤት አባልነታቸውም ዘመን ቀጠለ።

ከሁሉም የከበደው ፈተና የመጣው ግን በግንቦት 1997 ዓ.ም. ከተደረገው ምርጫ በኋላ ነው። ከ547ቱ መቀመጫዎች ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ 109፣ በየነ ከመሪዎቹ አንዱ የሆኑበት የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኃይሎች ኅብረት ደግሞ 52 አገኙ። ውጤቱ ክርክር አስነሣ፤ ደም ፈሰሰ። ምክር ቤት እንግባ ወይስ አንግባ የሚለው ጥያቄም ተቃዋሚውን ወገን ለሁለት ከፈለው። የቅንጅት አመራር መግባቱን አልተቀበለውም፤ በየነና የሀገር ቤቱ የኅብረቱ መሪዎች ግን መቀመጫቸውን ያዙ። በዚህም ምክንያት በውጭ ሀገር ካሉት የኅብረቱ አባል ድርጅቶች ጋር ተለያዩ፤ ብርቱ ነቀፌታም ደረሰባቸው።

ነቃፊዎቹ ያለ ምክንያት አልተናገሩም። አዲሱ ምክር ቤት ከመሰብሰቡ በፊት የሥራ ዘመኑን የሚጨርሰው ምክር ቤት የአሠራር ደንቡን አሻሽሎ፣ ቀድሞ 20 አባላት ሊያስይዙት ይችሉ የነበረውን አጀንዳ ለማስያዝ ከግማሽ በላይ የሆነ ድጋፍ እንዲያስፈልግ አድርጎ ነበር። እንዲህ ባለ ደንብ ሥር 52 ሰው ምን ሊፈይድ ይችላል? ሕግ ማውጣትም ሆነ ሕግ ማስቀረት እንደማይችል ግልጽ ነበር።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ አንድ ሥራ ከቤተ ሙከራው በኩል ይገኛል። በ1990ዎቹ ዓመታት ክሎሮኪን የተባለው ነባር መድኃኒት ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም የሚያመጣውን ወባ ማዳን ስለተሳነው፣ በመጀመሪያ ፋንሲዳር፣ ቀጥሎም ኮአርተም ተተካ። ለሁለተኛው ዓይነት ወባ፣ ይኸውም ፕላስሞዲየም ቪቫክስ ለሚያመጣው፣ ክሎሮኪን እንደ ጸና ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2008፣ በየነ የምክር ቤት አባል ሳሉ፣ እርሳቸው ከተሳተፉበት ቡድን የወጣ ጥናት በማላሪያ ጆርናል ታተመ። በደብረ ዘይት የተደረገው ይህ ጥናት መድኃኒቱን በሥርዓቱ ወስደው የቪቫክስ ተሐዋስያን ከደማቸው ያልጠፋላቸው ሕሙማን መኖራቸውን አሳየ። ከታከሙት ውስጥ እጅግ የሚበዙት ድነዋል፤ ያልዳኑት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የጥናቱ ቁም ነገር ግን ያለው በእነዚያ በጥቂቶቹ ነው። የብዙኃኑ መዳን ትናንት የታወቀውን ይደግማል፤ የጥቂቶቹ አለመዳን ግን ነገ የሚመጣውን አስቀድሞ ይናገራል። ስለዚህ ተመራማሪ ጥቂቶቹን ከመዝገቡ አይፍቃቸውም።

በምክር ቤትም የጥቂቶች ድምፅ ዋጋ ከዚህ የራቀ አይደለም። በኅዳር 1999 ዓ.ም. የሶማሊያው ጉዳይ ለውሳኔ በቀረበ ጊዜ 311 አባላት ሲደግፉ 99 ተቃወሙ፤ 16 ድምፅ ከመስጠት ተቆጠቡ። ውሳኔው አልተለወጠም። ነገር ግን ዛሬ የዚያን ዘመን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሀገሪቱ በዚያ ጉዳይ አንድ ልብ እንዳልነበረች የሚያረጋግጥለት ቁጥር በእጁ ይገኛል። ወንበሮቹ ባዶ ቢሆኑ ኖሮ ቁጥሩም ባልተመዘገበ ነበር። የመግባቱ ዋጋ ይህን ያህል ነው፤ ከዚህ በላይ ማጋነን አይገባም፤ ማሳነስም አይገባም።

በ2002 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ በየነ መድረክ በተባለው ስብስብ ስም ተወዳድረው ወንበራቸውን አጡ። ከ547ቱ መቀመጫዎች መድረክ ያገኘው አንዱን ብቻ ነው፤ ሌላም አንድ የግል ተወዳዳሪ ገባ፤ የቀሩት 545 የገዢው ግንባርና የአጋሮቹ ሆኑ። በየነ ግን ከሕዝብ ጉዳይ አልራቁም። በሕጋዊ መንገድ የሚደረገውን ትግል ቀጥለው፣ በኋላም የፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩትን በዋና ዳይሬክተርነት መርተዋል።

ብዙ የቴክኒክ ባለሙያ ከመንግሥት ጉዳይ የሚሸሸው ሐሳቡ በድምፅ ብልጫ የሚወድቅበትን ሸንጎ ስለሚፈራ ነው። በአንጻሩ የድልድይ ምሰሶ ሲመረመር ከመቶ ናሙና ሦስቱ ደካማ ሆነው ቢገኙ፣ ዘጠና ሰባቱ አለፉ ብሎ ዝም የሚል መሐንዲስ አይኖርም። የበየነ ጴጥሮስ የሥራ ጉዞ ለባልደረቦች የሚተወው ጥያቄ ይህንኑ የሙያ ልማድ ከቤተ ሙከራና ከግንባታ ቦታ ውጭ ይዞ የመውጣት ጥያቄ ነው። የክብረ መንግሥቱ ጉድጓድ ይደፈን ዘንድ፣ ውሃ ማቆሩን ያየ ባለሙያ ውሳኔ ከሚሰጥበት ቦታ ተቀምጦ መናገር ይኖርበታል፤ ሰሚው ጥቂት ቢሆንም እንኳ ቃሉ በቃለ ጉባኤ ይጻፋል።