ያልነበረች መንደርና የነበረች መንደር

የታሪክ ቦታ ማለት በቀድሞ ዘመን አንድ ነገር የተፈጸመበት ስፍራ እንደ ሆነ ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል። ጦር የተዋጋበት ሜዳ፥ ንጉሥ የተቀባበት አደባባይ፥ ጻድቅ የተቀበረበት ደብር ይህን ስም በሚገባ ይሸከማል። በኒው ዚላንድ ግን፥ ማታማታ ከምትባለው ከተማ አጠገብ፥ ማንም ተወልዶ ያላደገባት፥ ማንም ሞቶ ያልተቀበረባት አንዲት መንደር አለች። እንዲህም ሆና መንገደኛ ባሕር ተሻግሮ ሊያያት ይመጣል፤ የበሮቿ ቀለም ሲደበዝዝ ይታደሳል፤ የጓሮዋ አትክልት ይኰተኰታል። ስሟ ሆቢተን ይባላል። ይህች መንደር እንዴት እንደ ተሠራችና ከመፍረስ እንዴት እንደ ዳነች፥ በዚያው አካባቢ የነበረች ሌላ እውነተኛ መንደር ደግሞ ምን እንደ ገጠማት ለአንባቢ ለማስረዳት ይህ ጽሑፍ ተዘጋጅቷል። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሆቢተን አስቀድማ የተወለደችው በወረቀት ላይ ነው። ደራሲዋ ቶልኪን በ1892 በደቡብ አፍሪካ በብሉምፎንቴን ከተማ ተወልዶ ገና በሕፃንነቱ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። ከበርሚንግሃም ከተማ ወጣ ባለች፥ ሴርሆል በምትባል የገጠር ቀበሌ፥ ከአንድ የውሃ ወፍጮ አጠገብ ለአራት ዓመት ያህል ኖረ። በኋላ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ መምህር ሆኖ ሳለ «ሆቢት» የተባለውን መጽሐፍ በ1937፥ «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለውንም ትልቅ ድርሰት በ1954ና በ1955 ሲያሳትም፥ ያችን የልጅነት ቀበሌ ለምናባዊ ሕዝብ ርስት አድርጎ ሰጣት። ሆቢቶች ቁመታቸው ከሰው ግማሽ የሚሆን፥ እግራቸው ጠጉራም፥ ምግብንና ሰላምን የሚወዱ፥ በኮረብታ ሆድ ውስጥ ቤታቸውን ቈፍረው ክብ በር የሚገጥሙለት ባላገሮች ናቸው። ይህ ጸሐፊ መጽሐፉን በሁለተኛ ደረጃ ተማሪነቱ ከጓደኛ ተውሶ በኵራዝ ብርሃን ካነበቡት አንዱ ስለ ሆነ፥ ስለ መንደሪቱ ሲናገር ከወዳጅነት ነጻ ነኝ አይልም።

የኒው ዚላንድ ተወላጅ የሆነው የፊልም አዘጋጅ ፒተር ጃክሰን ድርሰቱን ወደ ሲኒማ ለመመለስ በተነሣ ጊዜ ሰዎቹ በ1998 በአየር ላይ ሆነው አገሩን ሲያስሱ የአሌክሳንደር ቤተ ሰብ የበግ እርሻ በሆነ 1,250 ኤከር መሬት ላይ ዓይናቸው ዐረፈ። ኮረብቶቹ ክብ ክብ ናቸው፤ በኵሬው ዳር አንድ ትልቅ የጥድ ዘር ዛፍ ቆሟል፤ የኤሌክትሪክ ምሰሶም ሆነ የዘመኑ ሕንፃ በአካባቢው አይታይም። የአገሩ ጦር ሠራዊት ወደ ስፍራው የሚያስገባ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል መንገድ ጠረገ። በመጋቢት 1999 ሥራው ተጀምሮ 39 የሆቢት ቤቶች ፊት ለፊታቸው ብቻ ተሠራ። ቤት መባላቸው ለስሙ ነው፤ ያልታከመ እንጨት፥ ኮምፔርሳቶና ፖሊስትሪን የሚባለው አረፋ መሰል ቀላል ነገር ተገጣጥሞ ለካሜራ እንዲያምር የተቀባ ነበር። የቤቱ ውስጥ ትርኢት የተነሣው ከዚያ ርቆ በዌሊንግተን ከተማ ስቱዲዮ ነው። ከዋናው ቤት በላይ ላለው ጉብታ አንድ እውነተኛ የኦክ ዛፍ ከሌላ ስፍራ ተቈርጦ መጣ፤ ቅርንጫፎቹም ቍጥር ተሰጥቷቸው እንደ ገና ተገጣጠሙ፤ ከታይዋን የመጣ ሰው ሠራሽ ቅጠልም አንድ በአንድ በሽቦ ታሰረላቸው። የእርሻው በጎች እንኳ መልካቸው የእንግሊዝ ገጠር በግ አይመስልም ተብለው ፊታቸው ጥቁር በሆነ በሌላ ዘር ተተኩ። ይህ ሁሉ የተደከመለት ከታኅሣሥ 1999 ጀምሮ ሦስት ወር ያህል ለቈየ የፊልም ሥራ ነበር።

ሥራው ሲያልቅ መንደሪቱ መፍረስ ነበረባት፤ ስምምነቱም ይኸው ነበርና ማፍረሱ ተጀመረ። በመካከሉ ዝናቡ በረታ፤ መሬቱ ጨቀየና ሥራው ቆመ። በዚያን ጊዜ 17 የቤት ፊቶች ገና አልፈረሱም ነበር። ሐውልት የሚያስጠብቅ ዐዋጅ አልወጣላቸውም፤ የቅርስ ባለ ሥልጣንም አልመዘገባቸውም፤ ያዳናቸው ጭቃ ነው። ከሦስቱ የፊልም ክፍሎች የመጀመሪያው በ2001 ከታየ በኋላ ሰዎች ያንን ስፍራ ለማየት መጡ። ያገኙት ቀለሙ የተገፈፈ ነጭ ኮምፔርሳቶና በኮረብታ ላይ የተከፈተ ባዶ ቀዳዳ ሲሆን በዚያም ሳያዝኑ ቀሩ። ከ2002 ጀምሮም ጉብኝቱ ደንበኛ ሥራ ሆነ። በእኔ አስተያየት ከመንደሪቱ ታሪክ ሁሉ ክብር የሚገባው ይህ ዘመን ነው፤ ምክንያቱም የሚታይ ነገር ሳይኖር ሰዎቹ ከመጽሐፉና ከፊልሙ ያመጡትን በባዶው እንጨት ላይ አኑረው ይመለሱ ነበር።

ጃክሰን «ሆቢት» የተባለውን ፊልም ለመሥራት በተመለሰ ጊዜ መንደሪቱ ከ2009 ጀምሮ ዘላቂ በሆነ ማቴሪያል እንደ ገና ተሠራች፤ የቤቶቹም ቍጥር 44 ደረሰ። ዛፉ በዚህ ጊዜ ከግንዱ እስከ ቅጠሉ ሰው ሠራሽ ሆነ። እንግዲህ ዛሬ የሚጠበቀው የመጀመሪያው ሥራ አይደለም፤ ከድርሰት የተቀዳ ሥዕል እንደ ገና ሲቀዳ የተገኘ ነው። ሐውልትና ሕንፃ የሚመረምሩ ሊቃውንት በዚህ ይከራከሩ፤ መንገደኛው ግን አይከራከርም።

ይህ ጸሐፊ ለሥራ ጉዳይ ወደ ኦክላንድ በሄደ ጊዜ አንድ የዕረፍት ቀን አግኝቶ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ያህል ተጕዞ ስፍራውን አየ። ትንንሽ ልብስ በገመድ ተሰጥቷል፤ በጓሮው ጎመንና ዱባ በእውነት ይበቅላል። ከቤቶቹ አንዳንዶቹ ሰው በአጠገባቸው ሲቆም ግዙፍ እንዲመስል፥ ሌሎቹ ደግሞ ሰው አንሶ እንዲታይ በሁለት ልክ የተሠሩ ናቸው። ጠጉሩ የሸበተ አንድ ጎብኚ ከአረንጓዴው ክብ በር ፊት ደርሶ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ማንም አልሳቀበትም። ከኵሬው ማዶ የውሃ ወፍጮ አለ። መንኰራኵሩ ያምራል፤ እህል ግን አይፈጭም።

ወፍጮው ነው ሌላይቱን መንደር የሚያስታውሰው። ከነጮች መምጣት አስቀድሞ ይህ አገር ንጋቲ ሃውአ የሚባለው የማኦሪ ነገድ ርስት ነበር። ከነገዱ አለቆች አንዱ ዊሬሙ ታሚሃና በ1839 ክርስትና ተነሣ፤ ማንበብና መጻፍም ተማረ። አባቱ ስመ ጥር ጦረኛ ሲሆን ልጁ ጦርነትን ትቶ መንደር ማቋቋም መረጠ። በማታማታ አካባቢ ኮረብቶች ላይ ያቆማት ፔሪያ የተባለችው መንደር ቤተ ክርስቲያን፥ ትምህርት ቤት፥ ፖስታ ቤትና የዱቄት ወፍጮ ነበራት፤ ስንዴና ድንችም ታመርት ነበር። በ1850ዎቹ የዋይካቶ ማኦሪዎች ዱቄታቸውን ወደ ኦክላንድ ገበያ እስከ መላክ ደርሰው ነበር። ታሚሃና ነገዶቹ በአንድ ሕግ እንዲኖሩና መሬታቸውን ተከፋፍለው ሸጠው እንዳይጨርሱ አንድ ንጉሥ ያስፈልጋቸዋል ብሎ ተነሣ፤ በ1858ም ፖታታው ቴ ፌሮፌሮ የመጀመሪያው የማኦሪ ንጉሥ ሆነ። ታሚሃናንም እንግሊዞች «ንጉሥ አንጋሽ» አሉት።

በሐምሌ 1863 የእንግሊዝ ጦር ወደ ዋይካቶ ገባ። ማኦሪዎቹ በራንጊሪሪ፥ በኋላም በ1864 በኦራካው ተዋጉ፤ ተሸነፉም። ከዋይካቶ 1,200,000 ኤከር ያህል መሬት ተወረሰ። ታሚሃና በ1865 መሣሪያውን በጄኔራሉ ፊት አኑሮ ሰላም አወረደ፤ በዚያው ዓመትና በ1866 የዋይካቶ መሬት ይመለስ ዘንድ ለኒው ዚላንድ ምክር ቤት አቤቱታ ጻፈ። አቤቱታው ፍሬ ሳያገኝ በ1866 መጨረሻ ዐረፈ። ያች ባለ ወፍጮ ፔሪያ ዛሬ የለችም።

ቶልኪን በመጽሐፉ መጨረሻ አቅራቢያ የጻፈው አንድ ምዕራፍ በዚህ ላይ ሊጠቀስ ይገባዋል። ሆቢቶቹ ከጦርነት ሲመለሱ ባዕዳን አገራቸውን ይዘው፥ ዛፉን ቈርጠው፥ አሮጌውን ወፍጮ አፍርሰው ያገኙታል። በፊልሙ ይህ ምዕራፍ ስለ ተተወ መንደሪቱ ምንም ሳይነካት ትጠብቃቸዋለች። ጎብኚ በማታማታ የሚያያት ያችን ምንም ያልነካትን ነው። የሲኒማ ሰው እንዲህ ቢመርጥ አይፈረድበትም፤ የፊልሙ ርዝመት ቀድሞም ብዙ ነበር። ሆኖም የተተወው ምዕራፍ በዚያው አካባቢ በእውነት ተፈጽሞ እንደ ነበር የሚያውቅ ሰው አረንጓዴውን ሣር ሲረግጥ ሁለት ታሪክ አብሮ ይረግጣል።

የታሚሃና አቤቱታ መልስ ያገኘው ዘግይቶ ነው። በ1995 ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ስለ ዋይካቶ መሬት መወረስ ይቅርታ የሚጠይቀውን ሕግ በእጃቸው ፈረሙ፤ የንጋቲ ሃውአም የራሱ ሕግ በ2014 ወጣ። የንጉሥ አንጋሽነቱ ሥራ ደግሞ ከታሚሃና ዘር አልወጣም። ንጉሥ ቱሄይቲያ በነሐሴ 2024 ባረፉ ጊዜ ልጃቸው ንጋ ዋይ ሆኖ ኢ ቴ ፖ በመስከረም 5 ቀን ነገሡ፤ በሥርዓቱም ላይ የቀረበው መጽሐፍ ቅዱስ ፖታታው የነገሠበት ያው የ1858 መጽሐፍ ነበር።